ውጤት የሚጠብቅ ሽንኩርት

ማክሰኞ

አሊ ሽንኩርቱን አልነቅልም አለ። ውጤቱ እስኪነገር።

የምርጫውን ውጤት ማለቱ ነው። እኔ የልጃችንን የሐያትን ፀጉር እየጎነጎንኩ ነበር። «እንደፈለግክ» አልኩት። ይቺ ቃል ሰሞኑን አፌ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ባሌ ሲጠይቀኝ እንደፈለግክ፣ ልጄ ስትጠይቀኝ እንደፈለግሽ፣ ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቀኝ እንደፈለጉ። ሰው ትሑት ናት ይለኛል።

ሽንኩርቱ ደርሷል። አንገቱ ከተኛ ቆይቷል፣ ቅጠሉም እየደረቀ ነው። ባለፈው ሳምንት ደላላው መኮንን ማሳው ድረስ መጥቶ አንዱን ነቀለና በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ፣ ልጣጩን አይቶ «ያምራል፣ መኪና ልላክ?» ብሎ ነበር። ዋጋው ለአሊ አልተዋጠለትም። አሁን ደግሞ የሚያቆየው ሌላ ምክንያት አገኘ።

ነገሩን በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። ምርጫው አለፈ። ውጤቱ ሲነገር የመንግሥት እጅ ይፈታል። ሕዝብ እንዳይቀየመው ይዞት የቆየውን የናፍጣ ድጎማ ያነሳል። ናፍጣ ሲወደድ ጭነት ይወደዳል። ጭነት ሲወደድ አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት ይሰቀላል። ያን ጊዜ ሽንኩርቱን ያልነቀለ ሰው ብቻውን ይስቃል።

ጥሩ አስተማሪ ይወጣው ነበር፤ ከኔ የተሻለ።

ማን ያሸንፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በኛ ሰፈር አልገጠመኝም። የሚጠየቀው ያሸነፈው ናፍጣን ምን ያደርጋታል ነው። እኔ በምርጫው ቀን ጣቢያ ውስጥ ነበር የዋልኩት፤ መምህራንን መድበውን ነበር። ቀለም የምቀባው እኔ ነበርኩ። ገበሬው ሁሉ አውራ ጣቱን ሲሰጠኝ ጥፍሩ ሥር የማሳ አፈር አለ። በአፈሩ ላይ ቀለሙን እቀባለሁ፣ ቀጣዩን እጠራለሁ። ማታ ደክሞኝ ነበር እንጂ ሌላ የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

ረቡዕ

የአሊን ምሳ ይዤ ማሳ ሄጄ ነበር። ጋሼ ታደሰ እዚያ ደረሱ። የውሃ አባት ናቸው፤ ከሮቢ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውሃ ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። በሳቸው ተራ የተጣላ ሰው አላውቅም። ዛሬ ተራው የኛ ነበር፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ከደረሰ ወዲህ ውሃ አንወስድም። አንገቱ ከተኛ በኋላ ሽንኩርት ውሃ አይሰጠውም፤ ልጣጩ መድረቅ አለበት። ይህን የሸዋ ሮቢት ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

አሊ ተራዬን ስጡኝ አላቸው።

«ለየትኛው ማሳ?»

«ለዚሁ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ እኮ ጋሼ። ውጤቱ እስኪመጣ እንዳይኮማተርብኝ ትንሽ ላቅምሰው።»

«ተኝቷል እኮ አሊ። የተኛን ልጅ ምን ልትለው ነው የምትቀሰቅሰው?»

«ትንሽ ብቻ።»

ጋሼ ታደሰ «ተራው ያንተ ነው፣ ልከለክልህ አልችልም። እኔ ብሆን ግን አልከፍተውም» አሉና ወደኔ ዞረው አዩኝ። ጠብቀውኛል። አውቄያለሁ።

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ምን እንደሚሆን ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ አሊ ይሰማኝ ነበር ይሆናል። ሻሼን አስተካከልኩ። ምሳውን ከግራሩ ሥር አስቀመጥኩ። ውሃው ቦዩን ጥሶ ወደ ማሳው ሲገባ ድምፁ ደስ ይል ነበር፤ ደስ ይላል ብዬ አሰብኩ እንጂ ደስ አላለኝም።

ሐሙስ

የፈተና ሰሞን። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። የመምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም ኢኮኖሚስት ሆኗል። እውነተኛውን ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው ባልደረባችን «ውጤት በተነገረ ማግስት የሚቀየር ነገር የለም፣ ፖሊሲ ጊዜ ይወስዳል» ቢል ጮኹበት። ተስፋቸውን የነጠቃቸው መሰላቸው።

ሰው ሁሉ ለውጤቱ ያቆየው ነገር አለ፦

አሊ፣ ሽንኩርት መንቀል።
ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ቆርቆሮ መግዛት። ዶላር ይረክሳል ብሏቸዋል አንዱ።
ርዕሰ መምህሩ፣ የደመወዝ ጭማሪ። ይህንንስ ከምርጫ በፊትም ሲጠብቁት ነበር።
የሰፈራችን ባለባጃጅ፣ ጎማ መቀየር፤ በተላጠ ጎማ ነው ልጆቻችንን የሚያመላልሰው።
እኔ፣ ምንም።

ማታ የአሊ ስልክ ጮኸ። የካራቆሬው ሰውዬ ነው። ይህ ሰው ሽንኩርት አይገዛም፤ ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩትን የሚሰበስብ ነው። አሊ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ድምፁን ቢቀንስም ሰማሁት። «ከሽንኩርቱ በኋላ ነው። ውጤቱን ልየው» ይለዋል።

መጀመሪያ የነገረኝ በረመዳን ነበር። ይህ ሽንኩርት ካላወጣን እሄዳለሁ አለኝ። በአፋር በኩል፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ከዚያ የመንን። ያለፉትም ሁለት ምርቶች አላወጡንም፤ አንዱን በሽታ፣ አንዱን መንገድ መዘጋት በላው። መሬቱ የእኩል ነው፣ የምርቱ ግማሽ የባለመሬቱ። ስለዚህ መንግሥት ናፍጣን ምን ያደርጋታል ሲል የሚጠይቀው ስለ ናፍጣ አይደለም። ልሂድ ወይስ ልቅር ነው የሚለው።

ያን ጊዜም እንደፈለግክ አልኩት። ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዓርብ

ወንዶቹ ከጁምዓ ሲወጡ መስጊዱ አጠገብ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አሊ ከዚያ የተመለሰው ፊቱ ጠቁሮ ነው። አዲስ ነገር ሰምቷል። ከውጤቱ በኋላ ድንበሩ ይለቀቅና የሱዳን ሽንኩርት ይገባል፣ ከተማው እንዳያጉረመርም። የሱዳን ሽንኩርት ከገባ የኛን የሚያየው የለም።

«ወላሂ ፋጤ፣ አንዱ ናፍጣ ይላል፣ አንዱ ሱዳን ይላል። የቱን ልመን?»

እንደፈለግክ ልል ነበር። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አይሆንም ብዬ ተውኩት። «አላህ ያውቃል» አልኩት። ይህም ያው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ልጻፈው እንጂ ማን ያነበዋል። አጣዬ ስንኖር ቤታችን ሲቃጠል ሐያትን አዝዬ ስወጣ በእጄ የያዝኩት የድስት ክዳን ነበር። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ድስቱ ቀረ፣ ክዳኑ እስካሁን አለ፤ ለየትኛውም ድስታችን አልገጠመም፣ አሊም እንድጥለው ነግሮኝ አያውቅም። እዚህ መጥተን ቤት ስንከራይ ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ እኔ ነበርኩ እንግዳ የማስተናግደው። ጎበዝ ናት አሉ። አንድ ጊዜ ጥርሴን ሲነቅሉልኝ ያደነዘዙበት መርፌ ሳይለቀኝ ራት በልቼ ጉንጬን በውስጥ በኩል ነክሼ ደም በደም ሆንኩ። የነገረችኝ ሐያት ናት፣ «እማዬ ደም!» ብላ። አሁንም እንደዚያ ነኝ። የምነክሰው የራሴን ሥጋ መሆኑን ሰው ካልነገረኝ አላውቅም።

ቅዳሜ

መኮንን ደወለ። አሊ እንድሰማ በድምፅ ማጉያ አደረገው፤ ምስክር የፈለገ ይመስላል።

«ዋጋው ያው ነው» አለ መኮንን። «አልጨመረም፣ አልቀነሰም።»

«ከውጤቱ በኋላስ?»

«አንተም ውጤት! ከቀወት እስከ አጣዬ የደወልኩለት ገበሬ ሁሉ ውጤት ይለኛል። ሁላችሁም ይዛችሁ ሁላችሁም ባንድ ቀን ስትነቅሉ ማነው የሚገዛችሁ? መኪናውንስ ከየት ላምጣው?»

አሊ ይህን አላሰበውም ነበር። እኔም። ለካ ብልጥ ነኝ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ብልጠት ነው ያሰበው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አሊ ሳቀ፤ ሳቁ አላማረኝም።

ከሰዓት በኋላ ከላይ በደጋው፣ በጣርማ በር በኩል ደመና ታየ። እዚህ ታች ገና ነው፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ውጤቱ በመጪው ሳምንት ይነገራል ይላሉ። ዝናቡስ መቼ ይላሉ?

እሑድ

ሐያት እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ አባዬ ዋና ይችላል?»

«ለምን?»

«ባሕሩ ጥልቅ ነው አሉ።»

ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። አሊ ያደገው ሮቢ ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ በበጋ ጉልበት አይደርስም፣ በክረምት ደግሞ ማንም አይገባበትም። ዋና አይችልም። አላውቅም አልኳት። ውሸቴን ነው። እሷ ግን አምናኝ እግሯን ማንቦጫረቅ ቀጠለች።

የባልዲውን ውሃ ግማሹን ደፋሁት። 

ሰኞ

የፈራሁት ሆነ። ፈርቼ ነበር ለካ።

ጠዋት ማሳ ስንደርስ ሽንኩርቱ ነቅቷል። በደረቀው ቅጠል መሐል ቀጭን አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። አሊ አንዱን ነቀለው። ከሥሩ ነጭ አዲስ ሥር አውጥቷል። በጥፍሩ ሰነጠቀውና አየን፤ ውስጡ ለሁለት ተከፍሏል። እንዲህ ያለ ሽንኩርት አዲስ አበባ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። መኮንን በስልክ ሲነገረው «እሱን ለራስህ ብላው» አለ። አልፈረድኩበትም።

አሊ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ቀረ። እጁ ላይ ያለውን ሽንኩርት አይጥለውም፣ አይዘውም። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ረቡዕ ዕለት የቆምኩበት ቦታ ላይ።

ጋሼ ታደሰ መጡ። ነግሬህ ነበር አላሉም። በማሳው መሐል አቋርጠው ወደ ታችኛው ጫፍ ሄዱና አንድ ሽንኩርት ነቅለው አመጡ። ደረቅ ነው። ልጣጩ ይንኮሻኮሻል። ሥሩ አላበቀለም።

«ይሄኛው ደኅና ነው» አሉ። «ከዚያች ድንጋይ ወዲያ ያለው ሁሉ ደኅና ነው።»

አሊ አልገባውም። «ውሃው አልደረሰውም?»

«እንዳይደርሰው አደረግኩት። አንተ ምሳህን ስትበላ ከላይ ዘግቼዋለሁ። ተራህን ሰርቄሃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ተራ ነክቼ አላውቅም። ልትቆጣኝ ትችላለህ።»  እኚህ ሰው አንዲት ደቂቃ ውሃ ለራሳቸው ማሳ አስተርፈው አያውቁም።

አሊ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል «ተው፣ ተው» ብለው ያዙት። ከላይ ከደጋው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

«እንግዲህ ዛሬውኑ ጀምሩት» አሉን።

አሊ ሰማዩን አየ። ስልኩን አየ። «ነገ ነው የሚነገረው ይላሉ፣ ጋሼ። አንድ ቀን ነው።»

አሁንም! ጋሼ ታደሰ እንደገና እኔን አዩ። እንደፈለግክ ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። ሌላ ቃልም በቦታው አልመጣልኝም። እንዲሁ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ማክሰኞ

እጄ አፈር ነው፣ ታጥቤም አልለቀቀኝም። በዚሁ እጽፋለሁ።

ሱብሒ ሰግጄ አሊ ሳይነሳ ወጣሁ። ሐያትን እትዬ አስካለ ጋ ተውኳት። ፈተናው ባለፈው ሳምንት አልቋል፣ እርማት አለብኝ፣ ይጠብቀኝ። ማሳ ሄጄ ከድንጋይዋ ወዲያ ካለው መንቀል ጀመርኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። አንድ መስመር ስጨርስ ቀና አልኩ፤ ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ሁለተኛውን ጀመርኩ።

አሊ ሲመጣ ተናዶ ነበር። «ምን ሆነሻል?» አለኝ።  ጎንበስ ብዬ መንቀሌን ሳላቆም ትንሽ ቆሞ አየኝና እጅጌውን ሰበሰበ። ጋሼ ታደሰ ሁለት ጎረቤት ይዘው መጡ። ስንነቅል፣ አንገቱን ስንቆርጥ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ስንሞላ ረፈደ።

ውጤቱን የሰማነው እዚያው ነው። አሊ ስልኩን ከፍቶ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ላይ አቁሞት ነበር። ያሸነፈው ተነገረ። ንግግር ተደረገ። ዕድገት ተባለ፣ ኢንቨስትመንት ተባለ፣ የኑሮ ውድነት ተባለ፣ ዝርዝሩ ወደፊት ይገለጻል ተባለ። ሁላችንም ሽንኩርት በእጃችን እንደያዝን ቆመን ሰማን።

«ስለ ናፍጣ አለ?» አሉ ጋሼ ታደሰ፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል።

«አላለም» አለ አሊ።

«ስለ ሱዳን?»

«አላለም።»

«እሺ» አሉና ጎንበስ አሉ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። አሊ ግን ለጥቂት ጊዜ እንደቆመ ነበር፣ የቀረ ነገር ይነገረው ይመስል። ከዚያ ሙዚቃ ጀመረ፣ እሱም ስርጭቱን ዘጋው። ዝናቡ መጣል የጀመረው ወዲያው ነው፤ ትልልቅ ጠብታ፣ አፈሩን እየበሳ። አሊ ስልኩን እንዳይርስ ለኔ ሰጠኝና ማዳበሪያዎቹን ማሳው ጫፍ ወዳለው ዳስ መሸከም ጀመረ። በሻሼ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግኩት።

እዚያ ነው ስልኩ የጮኸው። የካራቆሬው ሰውዬ።

አሊ ማዳበሪያ ተሸክሞ በጭቃው ውስጥ እየመጣ ነበር፣ አንገቱ ታጥፎ። ዝናቡ በፊቱ ይወርዳል። ውሃ ውስጥ ያለ መሰለኝ።  ስልኩን አነሳሁት።

«አሊ፣ ሐሙስ ሰዎች ይነሳሉ፣ አንተስ?» አለ ሰውዬው።

«አይሄድም» አልኩ።

«ማን ልበል?»

«ሚስቱ ነኝ። ዋና አይችልም። አይሄድም። ሁለተኛ እንዳትደውል።»

ዘጋሁት። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት መሰለኝ፤ ጎረቤቶቹ ቆመው ያዩኛል። አሊም ማዳበሪያውን እንደተሸከመ ቆሟል። ሰምቷል።  ወደ ዳሱ ገብቶ አወረደና ተመልሶ ወጣ።

ደንግጫለሁ።  ከደነገጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው!

ረቡዕ

ሌሊቱን አልተኛሁም። ፈራሁ። ባሕሩን ፈራሁ፣ ቁጣውን ፈራሁ፣ ብቻዬን መቅረትን ፈራሁ፣ ያለፈውን እሳት ሳይቀር ዛሬ ፈራሁት። ሁሉም ባንድ ሌሊት መጣ። ያ የመርፌው መደንዘዝ ሲለቅ ያማል፤ ረስቼው ነበር።

መኮንን ጠዋት መኪና ላከ። በዚያው በድሮው ዋጋ፣ ያልጨመረው ያልቀነሰው። ሌሎቹ ገና በጭቃ ውስጥ እየነቀሉ ስለሆነ ቀድመን ጫንን። የነቃውን ሽንኩርት ደግሞ እዚሁ ከተማ ላሉ ምግብ ቤቶች አሊ በጋሪ አዞረው፤ ቶሎ ከተሠራበት ምንም አይለውም። አወጣን ወይ? አላወጣንም፣ አልከሰርንም። ናፍጣ ዛሬም ያው ናት። ባለባጃጁ ጎማውን ዛሬም አልቀየረም፣ አሁን ደግሞ ዝርዝሩን እየጠበቀ ነው።

አሊ ቀኑን ሙሉ ስለ ስልኩ አላነሳም። ራት በላ። ሐያትን አስተኛ። እኔ እርማት ይዣለሁ፣ አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ዝናቡን እያየ ተናገረ።

«ለክረምቱ የችግኝ መደቡን የት እናድርገው? ማሳው ላይ ውሃ ይተኛበታል ብለውኛል ጋሼ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነፈስኩት። እንደፈለግክ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«እዚሁ ጓሯችን አድርገው» አልኩት። «በመስኮቱ የሚታየኝ ቦታ።»

እሺ አለ። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። ከአልጋው ሥር መቆፈሪያውን አውጥቶ በሩ አጠገብ አስደግፎታል፤ ዝናቡ ካባራ ጠዋት ይጀምራል።